የሴንት ሉዊስ አሮጌው ፍርድ ቤት

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ እምብርት የሚገኘው ይህ ባለጉልላት ሕንፃ ዛሬ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚተዳደር ሙዚየም ነው። ቦታውን በ1816 እ.ኤ.አ. ለፍርድ ቤት የለገሱት ኦጉስት ሹቶ እና ዳኛ ጆን ሉካስ ሲሆኑ፣ የአሁኑ ሕንፃ ሥራ በ1839 ተጀምሯል። ዊልያም ራምቦልድ የነደፈው ግሩም የብረት ጉልላት በ1862 ተጠናቀቀ። ጎብኚ ከክቡ አዳራሽ መሀል ቆሞ ሽቅብ ሲመለከት፣ ዙሪያውን የተደራረቡትን ሰገነቶችና የካርል ዊማርን የግድግዳ ሥዕሎች ያያል።

ሕንፃውን ታላቅ ያደረገው ግን የድሬድ ስኮት ጉዳይ ነው። በባርነት ይኖሩ የነበሩት ድሬድ ስኮትና ባለቤቱ ሃሪየት፣ ባርነት በተከለከለባቸው ኢሊኖይና ዊስኮንሲን ቴሪቶሪ መኖራቸውን መሠረት አድርገው ሚያዝያ 1846 የነፃነት ክስ መሠረቱ። በሴንት ሉዊስ ፍርድ ቤቶች ከ300 በላይ እንዲህ ያሉ ክሶች የቀረቡ በመሆናቸው፣ አቤቱታው በራሱ እንግዳ አልነበረም። በ1847 የቀረበው ምስክርነት በስሚ ስሚ ላይ የቆመ በመሆኑ ተረቱ፤ በ1850 ግን እዚሁ በተሰየመው ችሎት ነፃነታቸው ተፈረደላቸው። ይህን ፍርድ የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1852 ሻረው። ጉዳዩ በ1854 የታየበት የፌዴራል ችሎት የተቀመጠው በሌላ ሕንፃ ሲሆን፣ ብዙዎች ይህን ያምታቱታል። በመጨረሻም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መጋቢት 6 ቀን 1857 በ7 ለ2 ድምፅ ፈረደባቸው። በዚያው ዓመት ግንቦት የስኮት የቀድሞ ጌታ ልጅ የሆነው ቴይለር ብሎው ነፃ አወጣቸው፤ ስኮት ግን ነፃነቱን ያጣጣመው ለ16 ወራት ያህል ብቻ ነው።

ጎብኚዎች አጥብቀው የሚጠይቁት የድሬድ ስኮት ጉዳይ የታየበት የችሎት አዳራሽ በሕንፃው ማሻሻያ ወቅት ፈርሷል፤ ዛሬ በላይኛው ፎቅ የሚታዩት በኋለኛው ዘመን መልክ የታደሱ ችሎቶች ናቸው።

በሕንፃው ደረጃ ላይ፣ የሟቾች ውርስ ሲጣራ በባርነት የተያዙ ሰዎች በሐራጅ ይሸጡ ነበር። በ1861 ሕዝቡ ጮኾ የመጨረሻውን ሐራጅ አስቆመ የሚለው ትረካ ግን አከራካሪ ነው።

ቨርጂኒያ ማይነር የመምረጥ መብቷ እንዲከበር በ1872 የመሠረተችው ክስም የተጀመረው እዚህ ነው።

ፍርድ ቤቱ በ1930 ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛወረ፤ አሮጌው ሕንፃ ደግሞ በ1940 ለፌዴራል መንግሥት ተላለፈ። ከ2012 ጀምሮ የድሬድና የሃሪየት ሐውልት በግቢው ቆሟል።