የቡድን አኃዛዊ መረጃ በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውርርድ

የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ ዲቪዚዮን አንድ በሚባለው ከፍተኛ እርከን ብቻ ከ350 በላይ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድኖች አሉት። ውድድሩ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኖቬምበር ተጀምሮ በኤፕሪል መጀመሪያ ይጠናቀቃል፤ አንድ ቡድን በመደበኛው ወቅት ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ጨዋታዎች ያደርጋል። ይህ ማለት አብዛኞቹ ቡድኖች እርስ በርስ ሳይገናኙ ዓመቱ ያልቃል ማለት ነው። ሠላሳ ቡድኖች ብቻ ያሉትን የፕሮፌሽናሎቹን ሊግ ኤንቢኤን በዓይን መከታተል ይቻል ይሆናል፤ በአንድ የቅዳሜ ቀን ከመቶ በላይ ጨዋታ የሚደረግበትን የኮሌጅ ውድድር ግን ማንም ሰው አይቶ አይጨርሰውም። የቡድን አኃዛዊ መረጃ በዚህ ውድድር ተወራራጆችም ሆኑ አወራራጅ ድርጅቶች ዘንድ ትልቅ ቦታ የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ውርርዱ በዋናነት ሦስት መልክ አለው። አንደኛው አሸናፊውን መምረጥ፣ ሁለተኛው በሃንዲካፕ፣ ማለትም አወራራጁ በሚያስቀምጠው የነጥብ ልዩነት መወራረድ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሁለቱ ቡድኖች ድምር ነጥብ ከተቀመጠው ቁጥር በላይ ወይም በታች ይሆናል ማለት ነው፤ ይህኛው በእኛ አገር የእግር ኳስ ቤቲንግ ቤቶችም ኦቨርና አንደር በሚል ስም ይታወቃል። በ1940ዎቹ ሃንዲካፑን እንደፈጠረ የሚነገርለት ቻርልስ ማክኒል የተባለ የቀድሞ የሒሳብ መምህር ሲሆን ይሠራ የነበረውም በቺካጎ ነው። በሃንዲካፕ ውርርድ አንድ ቡድን በ11.5 ነጥብ ይበልጣል ከተባለ፣ በዚያ ቡድን ላይ ያስያዘ ሰው የሚያሸንፈው ቡድኑ ቢያንስ በ12 ነጥብ ሲያሸንፍ ብቻ ነው። የተለመደው ክፍያ 100 ዶላር ለማትረፍ 110 ዶላር ማስያዝን ይጠይቃል። ስለዚህ ከመቶ ውርርድ ሃምሳውን ያሸነፈ ሰው 500 ዶላር ይከስራል፤ ሳይከስር ለመውጣት ወደ 52.4 በመቶ የሚሆነውን ማሸነፍ አለበት። ከዚህ በኋላ ስለ አኃዝ የሚነገረው ሁሉ መለካት ያለበት በዚህች ጠባብ ልዩነት ነው።

ጀማሪ ተወራራጅ መጀመሪያ የሚያየው ቡድኑ በጨዋታ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚያስቆጥርና ስንት እንደሚቆጠርበት ነው። ይህ አኃዝ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስታል። አንዳንድ አሠልጣኞች ኳስ እንደተያዘ ወደ ተጋጣሚ ቅርጫት መሮጥን ያስተምራሉ፤ ሌሎቹ ከ2015 ወዲህ ለአንድ ጥቃት የተፈቀደውን 30 ሰከንድ እስከ መጨረሻው ይጠቀሙበታል። በመሆኑም በ40 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ቡድን 60 ጊዜ፣ ሌላው 75 ጊዜ የማጥቃት ተራ ሊያገኝ ይችላል። በቶኒ ቤኔት ይሠለጥን የነበረው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2019 ሻምፒዮን ሲሆን ከአገሪቱ ቡድኖች ሁሉ በዝግታ የሚጫወት ነበር። በጨዋታ የሚያስቆጥረው አማካይ ነጥብ ተራ ቡድን ያስመስለው እንጂ፣ በእያንዳንዱ የማጥቃት ተራ የሚያስገኘው ነጥብ ሲሰላ ግን ከአገሪቱ ምርጥ ጥቂቶች መካከል ነበር።

ስለዚህ ትክክለኛው መለኪያ በ100 የማጥቃት ተራ የተገኘ ነጥብ ነው። ተራዎቹ በይፋ የጨዋታ መዝገብ ላይ ስለማይሰፍሩ ከሌሎች አኃዞች ይገመታሉ፦ ከቅርጫት ሙከራዎች ቁጥር ላይ በማጥቃት ላይ የተያዙ ሪባውንዶች (ስተው የተመለሱ ኳሶች) ይቀነሳሉ፣ የባከኑ ኳሶች ይደመራሉ፣ ከዚያም ነጻ ውርወራዎች በ0.475 ተባዝተው ይታከላሉ። 60 ሙከራ፣ 10 ሪባውንድ፣ 12 የባከነ ኳስና 20 ነጻ ውርወራ ያለው ቡድን 71.5 ያህል ተራ አግኝቷል ማለት ነው። ሐሳቡ ከኮምፒውተር ዘመን ጋር የመጣ አይደለም፤ በኋላ የሰሜን ካሮላይና ዝነኛ አሠልጣኝ የሆነው ዲን ስሚዝ ገና ወጣት ሳለ ነጥብን በማጥቃት ተራ ያሰላ ነበር።

ይህን ስሌት ለሕዝብ ያዳረሰው ግን በሙያው የአየር ሁኔታ ተንታኝ የነበረው ኬን ፖሜሮይ ነው። እሱ ያከለው ዋና ነገር የተጋጣሚን አቅም ነው፤ በደካሞች ላይ የተገኘ 110 ነጥብ በጠንካሮች ላይ ከተገኘ 110 ነጥብ ጋር እኩል ስላይደለ፣ እያንዳንዱ አኃዝ ቡድኑ በአማካይ ተጋጣሚ ላይ ያስቆጥር የነበረውን እንዲያመለክት ተደርጎ ይስተካከላል። አሠራሩን በምናባዊ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። የአገሪቱ አማካይ በ100 ተራ 104 ነጥብ ነው እንበል። የመጀመሪያው ቡድን 112 ያስቆጥራል፣ 96 ይቆጠርበታል፤ ሁለተኛው 104 ያስቆጥራል፣ 102 ይቆጠርበታል። የአንዱን ማጥቃትና የሌላውን መከላከል ደምሮ አማካዩን መቀነስ ለመጀመሪያው 110፣ ለሁለተኛው 96 ይሰጣል። ጨዋታው 68 ተራ ይኖረዋል ተብሎ ከተገመተ ውጤቱ ወደ 75 ለ65 ይጠጋል። የመጀመሪያው ቡድን በሜዳው ከተጫወተ ወደ ሦስት ነጥብ ገደማ ተጨምሮለት ልዩነቱ 12 ወይም 13 ይሆናል፤ የኦቨርና አንደሩ ግምት ደግሞ 140 አካባቢ ነው። አወራራጁ ሃንዲካፑን በ9 ካስቀመጠ ተወራራጁ የሚመረምረው ነገር አገኘ፤ በ12 ካስቀመጠው ግን ስሌቱ ትክክል ሆኖም ምንም ጥቅም አላስገኘም። ጀማሪዎች ለመቀበል የሚከብዳቸው ይህ ነው፤ ቡድኑ ጠንካራ መሆኑን ማወቅ ዋጋ የሚኖረው ሃንዲካፑ ያንን ጥንካሬ ካልያዘው ብቻ ነው።

ከአጠቃላዩ ነጥብ ጀርባ ያለውን ለማየት ተንታኞች ዲን ኦሊቨር በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋቸውን አራት መለኪያዎች ይጠቀማሉ። እነዚህም የውርወራ ጥራት፣ የባከነ ኳስ መጠን፣ በማጥቃት ላይ የሚያዝ ሪባውንድና ነጻ ውርወራ የማግኘት ችሎታ ናቸው፤ ኦሊቨር የመጀመሪያውን ከሁሉ አብልጦ 40 በመቶ ክብደት ሰጥቶታል። በውርወራ ጥራት ስሌት የገባ ባለሦስት ነጥብ እንደ አንድ ተኩል ቅርጫት ይቆጠራል። ሆኖም አራቱም እኩል የሚታመኑ አይደሉም። ኳስ የማያባክን ቡድን ሳምንት ሲያልፍ ያው ይሆናል፤ ሪባውንድ የሚለቅም ቡድንም እንዲሁ። ተጋጣሚዎቹ ከሩቅ የሚወረውሩት ኳስ የሚገባበት መጠን ግን ከቡድኑ መከላከል ይልቅ ለዕድል የቀረበ መሆኑን ፖሜሮይ ደጋግሞ አሳይቷል። ስለዚህ በአምስት ጨዋታ ተጋጣሚዎቹ ከሩቅ እየሳቱለት ያሸነፈ ቡድን ከሆነው በላይ ሳይገመት አልቀረም፤ በእኔ ግምት አኃዝ የሚያነብ ሰው ከማያነበው የሚሻልበት ዋና ቦታም ይኸው ነው።

ኤንሲኤኤ ራሱ የሚያወጣው ደረጃም አለ። ከ1981 ጀምሮ ያገለገለው አርፒአይ በ2018 ኔት በሚባለው ተተክቷል። ሁለቱም በማርች ለሚደረገው የ68 ቡድኖች ውድድር ተሳታፊዎችን ለመምረጥ እንጂ የነገን ውጤት ለመተንበይ ስላልተዘጋጁ ለውርርድ የሚሰጡት ጥቅም ውስን ነው።

የአኃዙ ወሰን የሚታየው በአንድ ጨዋታ ነው። የኮሌጅ ጨዋታ የመጨረሻ ውጤት ከሃንዲካፑ በአሥር ነጥብ መራቁ እንግዳ ነገር አይደለም። በማርች 2018 ከ33 ጨዋታዎች 31ዱን ያሸነፈው ያው ቨርጂኒያ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲን በ20.5 ነጥብ ይበልጣል ተብሎ ገብቶ 74 ለ54 ተሸነፈ፤ በወንዶቹ ውድድር በምድቡ አንደኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን በአሥራ ስድስተኛው ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር። በዓመቱ በጨዋታ ወደ 54 ነጥብ ብቻ ይቆጠርበት የነበረው ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ብቻ 53 ገባበት። ቁልፍ ተጫዋቹ ዲአንድሬ ሃንተር ተጎድቶ እንደማይሰለፍ ከውድድሩ በፊት ታውቆ ነበር፤ የዓመቱ አማካይ ግን እሱ የተጫወተባቸውን ጨዋታዎች ይዞ ይቀጥላል።

ሌሎች ክፍተቶችም አሉ። ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ ሲቀይሩ አንድ ዓመት ተቀምጠው የመጠበቅ ግዴታቸው ስለቀረ፣ ያለፈው ዓመት አኃዝ በኖቬምበር ስለሌላ ቡድን የሚናገር ያህል ሊሆን ይችላል። የጉዳት መረጃም እንደ ኤንቢኤ በወጥነት አይወጣም፤ እንደ ቢግ ቴን ያሉ ሊጎች ዝርዝር ማሳወቅ የጀመሩት በቅርቡ ነው። በጨዋታ ማብቂያ ደግሞ እየተመራ ያለው ቡድን ሰዓት ለማቆም ሆን ብሎ ጥፋት ስለሚሠራ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚከማቹ ነጻ ውርወራዎች አሸናፊውን ሳይቀይሩ ሃንዲካፑንም ኦቨርና አንደሩንም ይገለብጣሉ።

ሃንዲካፕ ቡድኑን ሳያስሸንፉ የልዩነቱን መጠን ብቻ ለመሸጥ የሚመች መሆኑ በ1951 ጎልቶ ወጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለቱንም ትልልቅ የአገር አቀፍ ዋንጫዎች የወሰደው የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ተጫዋቾች ልዩነቱን ለማጥበብ ጉቦ በመቀበል ተይዘዋል። በ1992 የወጣው የፌዴራል ሕግ የስፖርት ውርርድን ከኔቫዳና ከጥቂት ግዛቶች በስተቀር አገደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2018 ሲሽረው ውሳኔው ለየግዛቱ ተተወ። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ይህ የሚያስገርም መልክ ይዟል። የቨርጂኒያ ሕግ በግዛቱ ኮሌጆች ቡድኖች ላይ መወራረድን ስለሚከለክል፣ በፌርፋክስ የሚኖር ሰው በ2006 እስከ መጨረሻዎቹ አራት በደረሰው በሰፈሩ ጆርጅ ሜሰን ላይ ገንዘብ ማስያዝ አይፈቀድለትም፤ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገባ ግን ይችላል። ሜሪላንድም በበኩሏ ከ2024 ወዲህ በግለሰብ የኮሌጅ ተጫዋቾች አኃዝ ላይ መወራረድን ከልክላ፣ በቡድን ውጤት ላይ ያለውን ብቻ ክፍት ትታለች።