«መድረኩን ትንሽ አሳምሩልን» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምረቃ ተውኔት ሊታይ አንድ ሳምንት ሲቀረው የመድረክ ዲዛይነሩ ይጠራና «መድረኩን ትንሽ አሳምርልን» ይባላል። በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ በየዓመቱም ያበሳጨኛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ራሱን ችሎ መሰጠት የጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ዲዛይነሩን እንደ ቀለም ቀቢ መጥራት ያስቆጫል።

«የመድረክ ዲዛይን መጨረሻ ላይ የሚጨመር ጌጥ ነው»

አይደለም። የመድረክ ዲዛይን ከሁሉ በፊት ተዋናዩ በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም፣ ለማን ፊቱን ለማን ጀርባውን እንደሚሰጥ የሚወስን ሥራ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ የማስታውሰው ተውኔት አለ። በልምምድ ወቅት የቤቱ በር ተብለው የቆሙት ሁለት ወንበሮች ነበሩ። ተዋናይቷ ሲኒ የተደረደረበት ትሪ ይዛ በመካከላቸው ስታልፍ ከርማለች። መድረኩ ላይ እውነተኛው በር በመጨረሻው ሳምንት ተተከለ፤ የሚከፈተውም ወደ ተመልካቹ ነበር። መዝጊያው ሲከፈት በአዳራሹ ግራ በኩል ከተቀመጠው ሰው ጋረዳት። ትሪውን በሁለት እጇ ስለያዘች በሩን መዝጋት አልቻለችም፤ ተከፍቶ ቀረ፤ ከበሩ ጀርባ ተራቸውን የሚጠብቁት ተዋንያንም ለተመልካች ታዩ። የትዕይንቱ ውጥረት እዚያው ፈረሰ። ልጅቷ ግሩም ተዋናይ ነበረች፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። በሩ ወደ መድረኩ ጀርባ እንዲከፈት ገና ከንባቡ ወቅት ተወስኖ ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ስለዚህ አዘጋጁና ዲዛይነሩ ከመጀመሪያው ንባብ ጀምረው አብረው ይቀመጡ። ማን ከየት እንደሚገባ፣ ምን ይዞ፣ በየት እንደሚወጣ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ አዳራሹን ይለኩ። ብዙዎቹ የግቢ አዳራሾች ለስብሰባና ለንግግር የተሠሩ ናቸው፤ መድረካቸው ጥልቀት የለውም፤ ተዋናይ የሚደበቅበት የጎን ቦታም ጠባብ ነው። ከፊተኛው ረድፍ በግራና በቀኝ ጫፍ፣ ከዚያም ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣችሁ እዩ። ከእነዚህ ወንበሮች የማይታይ ነገር ካለ ዲዛይኑ ይለወጣል እንጂ ተመልካቹ አንገቱን አያጣምም።

ቀጥሎ በ1፡25 ልኬት ከካርቶን ሞዴል ይሠራ። 10 ሜትር የሚሰፋ መድረክ 40 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ 1.70 ሜትር የሚረዝም ሰው ደግሞ 7 ሳንቲሜትር ገደማ። በዚህ ሞዴል ላይ የካርቶን ሰዎችን እያንቀሳቀሱ መከራከር በተገነባ ግድግዳ ፊት ቆሞ ከመጨቃጨቅ ይሻላል። ስምምነት ሲደረስ ንድፉ በእውነተኛ ልኩ በልምምድ ክፍሉ ወለል ላይ በጠመኔ ወይም በፕላስተር ይሰመር። ይህ መሆን ያለበት እንቅስቃሴው በተዋንያኑ ሰውነት ውስጥ ከመስረጹ በፊት ነው። የጠመኔ ዋጋ የማይችል የትምህርት ክፍል አላጋጠመኝም፤ ይህን ከልምምዱ መጀመሪያ ላይ የሚያደርግ ግን እምብዛም አላየሁም።

«እውነተኛ ዕቃ ሁልጊዜ ይበልጣል»

ከሰው ሳሎን የመጣ ለስላሳ ሶፋ ተዋናዩን ይውጠዋል፤ ለመነሳት ሲታገልም ንግግሩ ይሰበራል። መቀመጫው ላይ ጠንከር ያለ ጣውላ አስገቡበት።

«ባዶ መድረክ ዲዛይን የለውም»

የስዊዘርላንዱ የመድረክ ዲዛይነር አዶልፍ አፒያ (1862–1928 እ.ኤ.አ.) በደረጃ፣ በወለል ከፍታና በብርሃን ብቻ ምን ሊሠራ እንደሚችል ካሳየ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥያቄው ባዶነቱ ታስቦበት የተመረጠ ነው ወይስ እንዲሁ የቀረ የሚለው ነው።

«ግድግዳ ለመምሰል ከባድና ውድ መሆን አለበት»

ተማሪዎች ወፍራም ፕላይውድ ለመግዛት ሲዋጡ አይቼ አዝኛለሁ። በሞራሌ ክፈፍ ላይ አቡጀዲ ወጥሩ፤ በውሃ የቀጠነ ኮላ ቀቡት፤ ሲደርቅ ጨርቁ ራሱን ይወጥራል። ከኋላው ባለ ሦስት ማዕዘን ድጋፍ አቁሙና የአሸዋ ከረጢት ጫኑበት። ሁለት ተማሪዎች ተሸክመውት ይወጣሉ። ገንዘቡን ሰው ለሚቆምበት ከፍ ያለ ወለል አውሉት፤ እዚያ ላይ ቁጠባ አደጋ ነው። እስክስታ የሚመታበት ከሆነማ ድጋፉን አጠንክሩት።

«ቀለሙ በጓሮ ካማረ መድረክ ላይም ያምራል»

በፀሐይ የለመለመ አረንጓዴ በቀይ መብራት ሥር ወደ ጥቁርነት ይሄዳል። ከመቀባታችሁ በፊት ናሙናውን በመድረኩ መብራት እዩት።

«የእሳት ጉዳይ የዲዛይነር ሥራ አይደለም»

ይህን ሲሉኝ መታገሥ ያቅተኛል። እ.ኤ.አ. በ1903 ቺካጎ በነበረው የኢሮኳ ቴአትር ከመድረክ መብራት የተነሳ እሳት ጨርቅ ይዞ ከ600 በላይ ሰው ጨረሰ። ሕንፃው እሳት የማይበግረው ነው ተብሎ የተለፈፈለት ነበር፤ ብዙዎቹ መውጫዎች ግን ተቆልፈው ወይም ተሸፍነው ነበር። እኛ ደግሞ የሳር ክዳን ያለው ጎጆ ሠርተን ከላዩ የሚግል መብራት እንሰቅላለን፤ ጧፍም እናበራለን። ጧፉን በባትሪ በሚሠራ ተኩት፤ ሳሩንና አቡጀዲውን ከመብራቱ አርቁ፤ የእሳት ማጥፊያው የት እንዳለ መድረክ ላይ የሚሠራ ሁሉ ይወቅ። መውጫ በር ፊት የተደረደረ ክፈፍ ካየሁ እስኪነሳ ድረስ ልምምዱን አስቆማለሁ፤ አዘጋጁ ቢቆጣም።