«ወርቅ ላበደረ ጠጠር»፦ ከክሎንዳይክ ወንዝ ማዶ

ለጓደኛህ ዋስ ሆነህ ፈረምክ። ብሩን ወሰደ፤ ከዚያ ስልክህን ማንሳት ተወ። እናትህ ይህን ስትሰማ ራሷን ነቅነቅ ታደርግና «ወርቅ ላበደረ ጠጠር!» ትላለች። ሌላ ነገር አትጨምርም።

አባባሉ ማሰሪያ ግስ የለውም። «ወርቅ ላበደረ ሰው ጠጠር ይመለስለታል ወይ?» ለማለት ነው፤ ቅሬታውም ጥያቄውም በሦስት ቃል አለቀ። አንዳንዱ ሰው «እህል ላበደረ አፈር» ብሎ ይቀጥልበታል። ለእኔ ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። እህል የሚበቅለው ከአፈር ነው። ወርቅም የሚወጣው ከጠጠር መሀል ነው። ወርቅ የሚያጥብ ሰው ወንዝ ዳር ቁጢጥ ብሎ ሳፋውን ሲያዞር ውሃው ጠጠሩን እያንሸራተተ ያወጣዋል፤ ከባዱ ወርቅ ከታች ይቀራል። እንግዲህ ተበዳሪው ባዶ እጁን ቢመጣ ይሻል ነበር። አበዳሪው ለፍቶ ለይቶ የጣለውን ነው መልሶ ያስታቀፈው። ወርቅ በወቄት ተመዝኖ፣ እህል በቁና ተሰፍሮ፣ በቃል ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ለሚሄድበት ኑሮ የተስማማ አባባል ነው።

ይህን ነገር ወርቁንም ጠጠሩንም ይዞ የኖረ ሰው ነበር። ሮበርት ሄንደርሰን ይባላል፤ የካናዳ ሰው ነው። ዘመኑ የዓድዋ ድል ዓመት፣ የ1888 ዓ.ም. ክረምት ነው (እ.ኤ.አ. 1896)። ቦታው ሰሜን ምዕራብ ካናዳ፣ ዩኮን። ሄንደርሰን ከአንድ ጅረት አንድ ሳፋ አፈር አጥቦ 8 የዶላር ሳንቲም የሚያወጣ ወርቅ አገኘ። ለዚያ ጊዜ ደህና ግኝት ነው። ጅረቱን ጎልድ ቦተም አለው።

በዚያ አገር ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ ወርቅ ያገኘ ሰው ለሌላው ይናገራል። ሄንደርሰንም የክሎንዳይክ ወንዝ ከዩኮን ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዓሣ ሲያጠምድ ላገኘው ለጆርጅ ካርማክ ነገረው። ወርቅ አበደረው ማለት ነው። ካርማክ አሜሪካዊ ነው፤ ሚስቱ ሻው ትላ (ነጮቹ ኬት ይሏታል) ታጊሽ ከሚባለው የዩኮን ተወላጅ ሕዝብ ናት። ወንድሟ ኬይሽ፣ ማለትም ስኩከም ጂም፣ እና ዘመዳቸው ቻርሊም አብረው ነበሩ። ሄንደርሰን ታዲያ የአገሬው ተወላጆች እዚያ መሬት እንዲይዙ እንደማይፈልግ ተናገረ። በገዛ አገራቸው።

ቢሆንም ሦስቱ ወንዶች ተራራውን ተሻግረው ጎልድ ቦተምን አዩት። ብዙም አልማረካቸውም። ትምባሆ እንዲሸጥላቸው ሲጠይቁት ሄንደርሰን እምቢ አለ ይባላል። ሲመለሱ፣ በነሐሴ ወር አጋማሽ፣ ራቢት ክሪክ የምትባል ጅረት ውስጥ በድንጋይ መሀል ተከማችቶ የተቀመጠ ወርቅ አገኙ። ካርማክ እኔ ነኝ ያየሁት ይላል፤ የጂም ወገኖች ጂም ነው ይላሉ። ጅረቷ በኋላ ቦናንዛ ተባለች።

ካርማክ የወርቁን ናሙና በጥይት ቀለህ ይዞ ፎርቲማይል ወደሚባለው የቆፋሪዎች መንደር ወረደ። መጠጥ ቤት ገብቶ አሳየ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከተራራው ማዶ ላለው ለሄንደርሰን ግን አንድ ሰው እንኳ አልላከም። ሄንደርሰን ከሰፊው ወርቅ ጀርባ ሆኖ የ8 ሳንቲሙን ጅረት መቆፈሩን ቀጠለ። ከሳምንታት በኋላ መንገደኞች ሲነግሩት የቦናንዛ መሬት ተይዞ አልቋል። በቀጣዩ ዓመት ወርቅ የጫኑ መርከቦች ሳን ፍራንሲስኮና ሲያትል ሲደርሱ 100,000 የሚጠጋ ሰው ወደዚያ ሰሜን ጉዞ ጀመረ። የካናዳ መንግሥት በኋላ ለሄንደርሰን በወር 200 ዶላር ጡረታ ቆረጠለት።

ካርማክ መላክ ነበረበት፤ በዚህ አልደራደርም። ግን አባባላችንን ሁልጊዜ የምንጠራው በአበዳሪ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው። ሄንደርሰንም እንዲሁ ተቀምጦ ነበር። ወርቁን የነገረበት አፍ ጂምና ቻርሊን የከለከለበት አፍ ነው። የቆመበትስ መሬት የማን ነው? «ክሎንዳይክ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው የቦታው ተወላጅ የሆነው የትሮንዴክ ህዌቺን ሕዝብ ወንዙን ከሚጠራበት ቃል ነው፤ ቃሉ የሚጠቅሰው ዓሣ ለማጥመድ ግንድ ወንዙ ውስጥ የሚቸነከርበትን መዶሻ ነው። ወርቅ ፈላጊው ሲጎርፍ ባለአገሮቹ ከወንዙ አፍ ተነሥተው ሙስሃይድ ወደሚባል ቦታ ሄዱ።

እኔን ግን የምታሳዝነኝ ኬት ናት። ወርቁ ቤት ከመግባቱ በፊት ጓንትና የቆዳ ጫማ እየሰፋች ለቆፋሪዎች ትሸጥ፣ ቤቱን ትደጉም ነበር። ካርማክ ሀብታም ሆነና እ.ኤ.አ. በ1900 ሌላ ሴት አገባ። እሷ ካርማክን ልትከስ ወደ አሜሪካ ፍርድ ቤት ሄዳ ነበር፤ ግን ጋብቻቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት አልነበራትም። ወደ አገሯ ካርክሮስ ተመለሰች፤ ወንድሟ ጂም ቤት ሠራላት። እዚያው እ.ኤ.አ. በ1920 አረፈች።