የፍሬምወርክ ምርጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ፈጣን ፍሬምወርክ ከመረጥን መተግበሪያውም ፈጣን ይሆናል»

ፍሬምወርክ የድር መተግበሪያ የሚገነባበት ዝግጁ የኮድ መዋቅር ነው። ብዙዎቹ የፍሬምወርክ ፍጥነት ማወዳደሪያዎች የሚለኩት አንድ አጭር ጽሑፍ ብቻ የሚመልስ ሰርቨርን ነው። የእውነተኛ ገጽ ጊዜ ግን በአብዛኛው የሚያልቀው ዳታቤዝ በመጠበቅ ነው። 50 ትዕዛዞችን ከየደንበኛው ስም ጋር የሚዘረዝር ገጽ አለ እንበል። በጃንጎ (የፓይተን ፍሬምወርክ) ዝርዝሩን በሚያወጣው ሉፕ ውስጥ የደንበኛው ስም በተጠራ ቁጥር አዲስ ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚላክ ጥያቄ) ይነሳል፦ ለዝርዝሩ 1፣ ለደንበኞቹ 50፣ በድምሩ 51። «ሰሌክት ሪሌትድ» የተባለው የጃንጎ ዘዴ ሲጨመር ሁሉም በአንድ ጆይን (ሠንጠረዦችን በሚያጣምር ኩዌሪ) ይመጣል፤ በላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ደግሞ «ዊዝ» የተባለው ዘዴ ወደ 2 ኩዌሪ ያወርደዋል። በሙከራ ጊዜ ዳታው አምስት መስመር ስለሆነ ችግሩ አይታወቅም። ዳታው ሲከማች ገጹ ይንቀራፈፋል፣ ጥፋቱም በፍሬምወርኩ ይላከካል። ስለዚህ ፍሬምወርክ ለመቀየር ከመነሳትዎ በፊት ገጹ ስንት ኩዌሪ እንደሚልክ ይቁጠሩ፤ ዳታው በሚጣራበት ኮለም ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) መኖሩንም ይዩ።

ስለ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ፍጥነት የሚወራውም እንደ ሥራው ዓይነት ነው። ብዙ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ይችልበታል። የጃቫስክሪፕት ኮዱ የሚሄደው ግን በአንድ ትሬድ (የሥራ መስመር) ስለሆነ፣ አንዱ ተጠቃሚ ከባድ ስሌት ካስጀመረ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ሥራ ወደ ወርከር (ከዋናው ተለይቶ ለብቻው የሚሠራ ክፍል) መውጣት አለበት።

«ያለ ሪአክት ወይም ቩ ዘመናዊ መተግበሪያ አይሠራም»

ሪአክትና ቩ ገጹን ብራውዘር ላይ የሚገነቡ የጃቫስክሪፕት መሣሪያዎች ናቸው። ፎርም፣ ዝርዝርና ሪፖርት ብቻ ያለበት ሥርዓት ግን ሰርቨሩ በሚያዘጋጀው ኤችቲኤምኤል ያለችግር ይሠራል። ሪአክት ራሱ ላይብረሪ ነው፤ ራውቲንጉን (የትኛው አድራሻ የትኛውን ገጽ እንደሚከፍት የሚወስነውን) ሌላ ቦታ ይፈልጉለታል፣ ኤፒአይ (ከሰርቨሩ ዳታ የሚቀበልበትን መገናኛ) ይጽፉለታል፣ የፎርም ስህተትንም ብራውዘሩም ሰርቨሩም ላይ ይይዛሉ። ካርታ፣ ቻት ወይም እየተጎተተ የሚደረደር ሰሌዳ ካለ ድካሙ ያዋጣል።

«ፊትም ኋላም ጃቫስክሪፕት ከሆነ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል»

በፊት (በብራውዘሩ) እና በኋላ (በሰርቨሩ) ኮድ መካከል የሚጋራው ጥቂት ነው፤ የዳታ ዓይነቶችና አንዳንድ የፎርም ማረጋገጫዎች። እነሱም ቢሆኑ ብራውዘር ላይ ሊታለፉ ስለሚችሉ ሰርቨሩ እንደገና ማጣራቱ አይቀርም።

«ደህንነቱን ፍሬምወርኩ ይጠብቀዋል»

በከፊል እውነት ነው። ጃንጎ ቴምፕሌት ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ራሱ ያጸዳል፣ ለፎርሞችም ቶክን (ጥያቄው ከራሱ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ምልክት) ይጠይቃል። ትዕዛዝ ቁጥር 125 የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ተጠቃሚው በአድራሻው መስመር ላይ 124ን በ125 ሲተካ የሌላ ሰው ትዕዛዝ ከተከፈተ፣ ኮዱ ትዕዛዙን የሚፈልገው በቁጥር ብቻ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ፍለጋውን በቁጥሩና በገባው ተጠቃሚ አንድ ላይ ማድረግ ነው፤ ካልተገኘ 404 («አልተገኘም» የሚል መልስ) ይመለሳል።

«ታዋቂ ስለሆነ አይቋረጥም»

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አንጉላር ጄኤስ የተባለው የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ በጊዜው ስሙ የገነነ ነበር። በ2016 እንደገና ከመጀመሪያው የተጻፈው አንጉላር መጣ፤ የሁለቱ ኮድ ስለማይገጣጠም ብዙ መተግበሪያዎች እንደ አዲስ መጻፍ ነበረባቸው። የአሮጌው ድጋፍ በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ። ከታዋቂነት ይልቅ የድጋፍ ዘመኑን ይመልከቱ፦ የጃንጎ ኤልቲኤስ (የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው እትም) ቢያንስ 3 ዓመት፣ ላራቬል ለደህንነት ጥገና 2 ዓመት። ማሻሻያ ለመሥራት በዓመት ጥቂት ቀን እንኳ የማይመድብ ቡድን ቶሎ ቶሎ የሚቀያየረውን ባይመርጥ ይሻለዋል።