በአየር ትርዒት አደጋ ማን ይጠየቃል?

የአየር ትርዒት አንጋጦ የሚታይ ነገር ነው። የአደጋ መርማሪ ግን መሬቱን ያያል። ሰዉ የት ነበር የቆመው? እዚያ ያቆመውስ ማን ነው? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1952 እንግሊዝ ፋርንቦሮ ላይ አንድ ጄት አየር ላይ ተበታትኖ 29 ተመልካቾችንና ሁለቱን በራሪዎች ገደለ። በ1988 ጀርመን ራምስታይን ላይ የጣሊያን ቡድን አውሮፕላኖች ተጋጭተው 70 ሰው አለቀ። በ2002 ደግሞ ዩክሬን ሊቪቭ አጠገብ ሱ-27 ተዋጊ ጄት ሕዝብ መሃል ገባ። 77 ሰው ሞተ፤ 28ቱ ልጆች ነበሩ። ሁለቱ አብራሪዎች ከነወንበራቸው ተስፈንጥረው ተረፉ። በድምፅ መቅረጫው ላይ አንዱ ተመልካቾቹ የት እንዳሉ ሲጠይቅ ይሰማል። ዋናው አብራሪ ቦታው ላይ ልምምድ ጠይቄ ተከልክያለሁ ቢልም 14 ዓመት ተፈረደበት። ረዳቱ 8 ዓመት አገኘ። አለቆችም አልቀረላቸውም፤ የታሰሩ አሉ።

እንግሊዝ ሾረም ላይ የደረሰው ግን ሌላ ጣጣ ነው። በነሐሴ 2015 ሆከር ሃንተር የተባለ አሮጌ ጄት ሽቅብ ወጥቶ፣ ጫፍ ላይ ተገልብጦ፣ ቁልቁል ሊመለስ ነበር። ለዚህ ጫፉ ላይ ቢያንስ 3,500 ጫማ ከፍታ ያስፈልጋል። የደረሰው 2,700 ገደማ ነው። እዚያች ቅጽበት ላይ መለኪያውን አይቶ ጨዋታውን መተው ይቻል ነበር። አልተወም። አውሮፕላኑ አስፋልት ላይ ወድቆ 11 ሰው ገደለ። ከሟቾቹ ትኬት ቆርጦ የገባ አንድም የለም። አንዳንዶቹ ከአጥር ውጭ ቆመው የሚያዩ፣ ሌሎቹ መንገደኞች ናቸው። ሕጉ ለዓመታት ሲጠብቅ የኖረው በዋናነት አጥር ውስጥ ያለውን ሰው ነበር፤ መንገዱን ያሰበው ጥቂት ነው።

አብራሪው ክፉኛ ተጎድቶ ተረፈ፤ ምንም አላስታውስም አለ። ጠበቆቹ የበረራው ጫና አእምሮውን አዛብቶት ይሆናል ብለው ተከራከሩ። በ2019 በነፃ ተለቀቀ። በ2022 ግን የሟቾችን አሟሟት የምታጣራው ዳኛ ግድያው ሕገወጥ ነው አለች። ሁለቱ ውሳኔዎች የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ አይቃረኑም። በወንጀል ችሎት ጥርጣሬ ተከሳሹን ያድናል፤ በአሟሟት ምርመራ ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ማጋደሉ ይበቃል።

ለእኔ ከሁሉ የከነከነኝ ሌላ ነው። የበረራውን ደኅንነት እንዲገመግም የተመደበው ሰው አብራሪው ምን ምን እንደሚያሳይ፣ ከየትኛው መሬት በላይ እንደሚገለባበጥ ቀድሞ አያውቅም ነበር።