ከማዕበሉ ሥር ያለው ተራራ፦ የጃፓን የእንጨት ህትመት ሥዕሎች

ያን ሰማያዊ ማዕበል ሳታውቁት አትቀሩም። ቲሸርት ላይ አለ፤ የስልክ ሽፋን ላይ አለ፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጃፓን የ1000 የን ኖት ላይ ወጥቷል። ብዙ ሰው ማዕበሉን አይቶ ያልፋል። ከሥሩ፣ በሩቁ፣ በረዶ የለበሰች ትንሽ ተራራ አለች። ፉጂ ናት። የሥዕሉ ጉዳይ እሷ ነች።

ሠዓሊው ሆኩሳይ ሥዕሉን ያወጣው በ1831 አካባቢ፣ «ሠላሳ ስድስት የፉጂ ተራራ ገጽታዎች» በሚል ተከታታይ ውስጥ ነው። ገበያው ሲደራ 10 ተጨመሩ። ሥዕሎቹ 46 ሆኑ፤ ርዕሱ ግን እንዳለ ቀረ።

እንዲህ ያለው ሥዕል የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አሳታሚው ገንዘቡን ያወጣል። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ ይነድፋል። ቀራጩ ወረቀቱን በቼሪ እንጨት ጣውላ ላይ ገልብጦ ይለጥፍና መስመሮቹን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይፍቃል። ለየቀለሙ ሌላ ጣውላ ይቀረጻል። አታሚው ደግሞ ቀለም በተቀባው ጣውላ ላይ ወረቀቱን አስተኝቶ ጀርባውን በእጁ ያሻል። ማሽን የሚባል ነገር የለም። ቀለሞቹ እንዳይዛነፉ ጣውላው ጥግ ላይ ምልክት ይቀረጻል፤ ወረቀቱ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ይገጥማል። በብዛት ስለሚታተም የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ተራ ነዋሪም ኪሱ ሳይጎዳ ይገዛው ነበር።

ሌላው ታላቅ ስም ሂሮሺጌ ነው። ከኤዶ ኪዮቶ የሚወስደውን የቶካይዶ መንገድ 53 ማረፊያዎች ከመነሻውና ከመድረሻው ጋር በ55 ሥዕሎች አሳየ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዝናብን እንደ እሱ የሳለ የለም።

ጃፓን በ1850ዎቹ በሯን ስትከፍት ሥዕሎቹ አውሮፓን አጥለቀለቁ። ሠዓሊው ቫን ጎግ በ1887 ሁለት የሂሮሺጌ ሥራዎችን በዘይት ቀለም ገልብጧል፤ አንዱ ዝናብ የሚታይበት ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ የቤቱን ግድግዳ ሞላባቸው። የሙዚቃ ደራሲው ደቡሲ በ1905 «ባሕሩ» የተባለ የሙዚቃ ድርሰቱን ሲያሳትም ሽፋኑ ላይ ማዕበሉን አወጣ። ሠዓሊዎቹን የማረካቸው ጥላ አልባው ልሙጥ ቀለም ነው፤ ግንዱ ፊት ለፊት ተገትሮ እይታውን የሚቆርጠው ዛፍም እንዲሁ።

የሚገርመው፣ ሆኩሳይ ራሱ ርቀትን የማሳየት ዘዴን የቀሰመው ኔዘርላንዶች ካመጧቸው ምስሎች ነው። ያ የማዕበሉ ሰማያዊም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ የተሠራ፣ በመርከብ የመጣ ቀለም ነው።