ሰሜኑ ሲዘጋ ቦሌ ሲሞላ፦ የኢትዮጵያ ቱሪዝም ውጣ ውረድ

የኢትዮጵያ ቱሪዝም በተደራጀ መልኩ ከስድሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚህ ጊዜ ውስጥ "አሁን ገና ተነሳን" የተባለበት ዓመት ብዙ ነው። "አለቀልን" የተባለበትም እንዲሁ። ሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተከታትለው ነው የሚመጡት። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የዘርፉ መዝገብ የሚያዘው በዚያው ስለሆነ ነው።)

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ ማን እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ ስሜን ተራሮችን ወይም ኦሞን ለማየት በአስጎብኚ ድርጅት በኩል የሚመጣ አለ። ለአፍሪካ ኅብረት ወይም ለተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ የሚመጣ አለ። ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣ ዳያስፖራ አለ። በቦሌ በኩል ሲያልፍ አንድ ሌሊት የሚያድር የትራንዚት መንገደኛም አለ። ሪፖርት ላይ ሲቀርቡ አብዛኛውን ጊዜ ባንድ ድምር ነው። ዓለም ሲናወጥ ግን እኩል አይወድቁም። የመጀመሪያው ከሁሉም ቀድሞ ይጠፋል፣ ከሁሉም ዘግይቶ ይመለሳል። የላሊበላ አስጎብኚና የደባርቅ በቅሎ አከራይ የሚኖሩት ደግሞ በእሱ ነው።

ከ13 ወር ጸጋ እስከ ሰዓት እላፊ

አዲስ አበባ እንግዳ የበዛባት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 ተቋቁሞ መቀመጫውን እዚህ አደረገ። የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። አፍሪካ ነፃ እየወጣች ነበር፤ ዲፕሎማቱም ጋዜጠኛውም የሚሰበሰብበት ከተማ አስፈለገው። ቱሪዝሙ በዚህ ንፋስ ላይ ነው የተነሳው።

ሥራውን መሥሪያ ቤት ያስያዙት "የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት" የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። "የ13 ወር ጸጋ" የሚለው መፈክር የእሳቸው ነው። ጳጉሜን ለፈረንጅ የሸጡ ሰው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያገናኘው ታሪካዊ መስመር ዋናው የአገሪቱ የጉብኝት ዕቃ ሆነ። መንገዱ አስቸጋሪ ስለነበር የአየር መንገዱ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ቱሪስቱን ከከተማ ከተማ ያደርሱት ነበር። አሥመራና ምፅዋም በዚያን ጊዜ የዚሁ ጉዞ አካል ነበሩ። ታሪክ ያየ ሰው ቀይ ባሕር ላይ አረፍ ማለት ይችላል። ሂልተን በ1969 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ።

ከዚያ 1973 መጣ። በጥቅምቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት አረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የድፍድፍ ዋጋ አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። የአውሮፕላን ጉዞ በየትም አገር ተወደደ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ነዳጁ ከዚያም በላይ ሄደ። በየካቲት 1974 አዲስ አበባን ካንቀጠቀጡት አድማዎች አንዱ የታክሲ ነጂዎች ነው፤ መነሻውም የቤንዚን ጭማሪ ነበር። በመስከረም ንጉሡ ወረዱ። ሲና በረሃ ላይ የተጀመረ ጦርነት ዞሮ ዞሮ ላሊበላ ያለ ሆቴል አልጋ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ደርግ ትልልቅ ሆቴሎችን ወረሰ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። የውጭ ሰው ከአዲስ አበባ ወጣ ለማለት የይለፍ ወረቀት ያስፈልገው ጀመር። ቀይ ሽብርና የኦጋዴን ጦርነት ተከተሉ። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላና ስሜን ተራሮች ሁለቱም ገቡ። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ የእኛ! የዓለም ቱሪስት ያንን ዝርዝር ይዞ መጓዝ ሲጀምር ግን እነዚህን ሁለቱን ማየት በጣም ከባድ ነበር። ይህ ዓይነቱ የጊዜ አለመግጠም በኋላም ደጋግሞ ይመጣል።

የኮረም ምስል

በጥቅምት 1984 ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው የረሃብ ዘገባ ዓለምን ዞረ። በሐምሌ 1985 ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተደረገ። ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ሕይወትም ተረፈ። ይህ አይካድም። ነገር ግን ያ ምስል ለአንድ ትውልድ ያህል የኢትዮጵያ መታወቂያ ሆኖ ቀረ።

የቱሪዝም ባለሙያ ጦርነትን ሊያስረዳ ይችላል፤ "አልቋል፣ ኑ" ይላል። ምስልን ግን እንዲህ በቀላሉ አያጠፋውም። ከረሃቡ ብዙ ዓመት በኋላ እንኳ "እዚያ ምግብ ይገኛል ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ ያጋጠመው አስጎብኚ ሞልቷል። ሽሮውን፣ ክትፎውን፣ የጾም በያይነቱን አቅርቦ ነው መልስ የሚሰጠው። በእኔ እይታ ከጦርነቶቹ ሁሉ ይልቅ ለዘርፉ ረጅም ጥላ የጣለው ይህ ነው።

ከ1991 በኋላ በሩ እንደገና ተከፈተ። ኤርትራ በ1993 ነፃ ስትወጣ ግን የባሕር ማረፊያዎቹ ምፅዋና ዳህላክ ከጉዞ ዝርዝሩ ወጡ። የዚህ ጉዳት ብዙ ጊዜ አይነገርም። ከግብፅ ጋር ማነጻጸር ይረዳል። ግብፅ በ2010 ወደ 14.7 ሚሊዮን ጎብኚ ነበራት። ከአብዮቱ በኋላ በ2011 ወደ 9.8 ሚሊዮን ወረደች። በ2015 የሩሲያ መንገደኞች አውሮፕላን ሲና ላይ ወድቆ 224 ሰው አለቀ፤ ሩሲያም በረራ አቆመች። በ2024 ግን 15.7 ሚሊዮን ገደማ ደርሳለች። ምክንያቱ ፒራሚድ ብቻ አይደለም። የባሕር ዳርቻ ስላላት ነው። ፀሐይና ባሕር የሚፈልግ አውሮፓዊ ርካሽ ቻርተር ሲያገኝ ቶሎ ይመለሳል፤ ሁርጋዳ ወርዶ ከሆቴሉ ሳይወጣ ሳምንቱን ይጨርሳል። ላሊበላን የሚያይ ሰው ግን ከተማ ለከተማ መዞር፣ በመኪና መጓዝ፣ ከሕዝብ ጋር መዋል አለበት። ከመስመሩ አንድ ቦታ ከተዘጋ ጉዞው በሙሉ ይበላሻል።

ከ1998 እስከ 2000 የተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ይህንኑ አሳየ። ድንበሩ አጠገብ ያለው አክሱም ነበር፤ የተጎዳው ግን የሰሜን መስመር ሁሉ ነው።

ሽልማትና አዋጅ

በመስከረም 2007 የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ተከበረ። ዳያስፖራው በገፍ መጣ። ቢዮንሴ ሳትቀር አዲስ አበባ ላይ ዘፈነች። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም፤ ዘመድ ቤት ያድራል፣ ለሠርግና ለልቅሶ ይመጣል። ይህ ጎብኚ የጉብኝት ጥቅል ስለማይገዛ አስጎብኚው ብዙም አይቆጥረውም። ገንዘቡን ግን እዚሁ ነው የሚያፈሰው፤ በሬስቶራንት፣ በኪራይ መኪና፣ በልብስ ሰፊ ቤት።

በጥር 2012 ኤርታሌ ላይ አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ተገደሉ። ደናክል ለጊዜው ቀዘቀዘ፣ ከዚያ በወታደር አጃቢ ጉዞው ቀጠለ። እሳተ ገሞራ ሊያይ የሚመጣ ሰው ልቡ ደፋር ነው መሰለኝ፣ ቶሎ ተመለሰ።

በ2015 አንድ የአውሮፓ የቱሪዝምና ንግድ ምክር ቤት ኢትዮጵያን የዓለም ምርጥ የቱሪስት መዳረሻ ብሎ ሸለመ። በ2016 "ምድረ ቀደምት" የሚለው አዲስ መለያ ወጣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በእሬቻ በዓል ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዲፕሎማቶች ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይወጡ ተከለከሉ። አምባሳደሩ ሄዶ ሊያየው የማይችለውን አገር ዜጋው እንዲያየው ይመክራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

2018 ሌላ ተስፋ ነበር። ኢ-ቪዛ ለሁሉም አገር ጎብኚ ተከፈተ። ከኤርትራ ጋር ሰላም ወረደ፣ የአሥመራ በረራ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመለሰ። በታኅሣሥ 2019 ደግሞ ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ሦስት ወር እንዳለፈ፣ በመጋቢት 13 ቀን 2020 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ።

ወረርሽኙ የዓለምን ሁሉ ጉዞ ነው ያፈረሰው። በ2019 ወደ 1.5 ቢሊዮን የነበረው ዓለም አቀፍ የጎብኚ ቁጥር በ2020 ወደ 400 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን ወንበር እየነቀለ ጭነት ጫነባቸው፤ ቆሞ አልቀረም። የላሊበላ አስጎብኚ ግን የሚነቅለው ወንበር የለውም። ሌሎች አገሮች በ2021 በር መክፈት ሲጀምሩ እኛ ጦርነት ውስጥ ነበርን። በኅዳር 2020 ትግራይ ላይ የተጀመረው ጦርነት በነሐሴ 2021 ላሊበላ ደረሰ። ከተማዋ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ደጋግማ እጅ ለዋወጠች።

በኅዳር 2021 የሆነው ነገር የጎብኚዎቹን ልዩነት ከማንኛውም ቁጥር በላይ ያሳያል። አሜሪካን ጨምሮ ብዙ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸው በተገኘው በረራ እንዲወጡ አሳሰቡ። በዚያው ወር መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለገና አገር ቤት ይግባ ብሎ ጠራ። አንዱ በቦሌ ሲወጣ ሌላው በቦሌ ገባ። ሚሊዮን ሞላ አልሞላ ሌላ ጉዳይ ነው። በጥር 2022 ግን የአዲስ አበባ ሆቴሎች ከዲሲ፣ ከለንደን፣ ከዱባይ የመጣ ሰው ሲያስተናግዱ ነበር።

ቱሪስቱ ለምን ዘግይቶ ይመለሳል?

ብዙ ሰው "ሰላም ከሆነ ይመጣሉ" ይላል። እንዲህ ቀላል አይደለም። የአውሮፓና የአሜሪካ መንግሥታት ለዜጎቻቸው የጉዞ ማሳሰቢያ ያወጣሉ። አካባቢው "አትሂዱ" ከተባለ ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ እዚያ ላይ አይሠራም። ኢንሹራንስ ከሌለ የጀርመን ወይም የጣሊያን አስጎብኚ ድርጅት ጉዞውን ሊሸጥ አይችልም። ድርጅቱ ዕቅዱን የሚያወጣውም ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ጥይት በተተኮሰ ማግስት ስረዛው በኢሜይል ይጎርፋል። ተኩሱ ከቆመ በኋላ ግን ማሳሰቢያው እስኪነሳ፣ ድርጅቱ እስኪያምን፣ ዝርዝሩ እስኪታተም አንድ ሁለት ሲዝን ያልፋል። ዋናው ሲዝን ከመስቀል እስከ ጥምቀት ያለው ጥቂት ወር ነው። እሱ ካመለጠ ዓመቱ አመለጠ።

የፕሪቶሪያ ስምምነት በኅዳር 2 ቀን 2022 ተፈረመ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ የመቀሌ በረራ ተመለሰ። ድርጅቶቹ ዝርዝራቸውን ማደስ ሲጀምሩ በነሐሴ 2023 አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፤ የጎንደርና የላሊበላ በረራም ለቀናት ተቋረጠ። በመስከረም ደግሞ ባሌ ተራሮችና የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። እንደ 1978ቱ ማለት ነው፣ በዚህ ጊዜ ግን የተመዘገቡት በደቡብ ስለሆኑ ትንሽ ይሻላል።

ላሊበላ ላይ የሚጎዳው ባለ ሆቴሉ ብቻ አይደለም። አስጎብኚው አለ፣ ጫማ ጠባቂው አለ፣ በቅሎ አከራዩ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ የመግቢያ ትኬት ለውጭ ሰው ለዓመታት 50 ዶላር ነበር፤ ከእሱ የሚኖር ካህንና ዲያቆን ብዙ ነው። የገና ምዕመን በጦርነትም በኮቪድም ከመምጣት ያልቦዘነ ብቸኛ እንግዳ ነው። ግን ስንቁን ይዞ ይመጣል፣ ሜዳ ላይ ያድራል። በረከቱ ብዙ ነው፤ የከተማዋን የሆቴል ዕዳ አይከፍልም እንጂ።

ብርና ስብሰባ

በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ዶላር ይዞ ለሚመጣ ሰው ምግብና ታክሲ ረከሰ። ነዳጅ፣ ጎማና የመኪና መለዋወጫ ግን በዶላር ነው የሚገቡት፤ የላንድክሩዘር ኪራይ እንደታሰበው አልወረደም።

ገንዘቡም ትኩረቱም ወደ አዲስ አበባና ዙሪያዋ አዘንብሏል። ስካይላይት ሆቴል፣ እንጦጦና አንድነት ፓርክ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ወንጪ፤ ሁሉም ለስብሰባ እንግዳና ለከተማ ነዋሪ የሚመቹ ናቸው። ጎርጎራ፣ ሃላላ ኬላና ኮይሻ ራቅ ብለው ተሠርተዋል። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲሆን የቦሌ አካባቢ ሆቴሎች ይሞላሉ። በ2027 ደግሞ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጠበቃል፤ የዓመቱ የጎብኚ ቁጥርም ያለጥርጥር ከፍ ይላል። ያ ሰው ከስብሰባው በኋላ ሦስት ቀን ጨምሮ ጎንደርና ላሊበላ ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ደግሞ ጉባኤው ከመጀመሩ ቢያንስ ከዓመት በፊት የሰሜኑ ማሳሰቢያ መነሳት፣ አስጎብኚ ድርጅቶቹም የሦስት ቀኑን ጉዞ በዝርዝራቸው ውስጥ ማስገባት አለባቸው።